ፍላሚንጎውን ተዉትና ጭቃውን እዩ

ራስ አል ኾር በአጭሩ ጭቃ ነው። ዱባይን ከመሀል የሚሰነጥቀው የባሕር ክንድ ወደ ውስጥ ዘልቆ ዘልቆ መጨረሻው ላይ ይሰፋል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ ጭቃ ይሆናል። ስፋቱ ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። ረግረግ አለ። ጨው ያነጣው ሜዳ አለ። ማንግሮቭ የሚባለው፣ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍም አለ። ዙሪያውን መኪና ይከንፋል። ከበስተጀርባ ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ሆኖ ተገትሯል። እዚህ ከተማ ውስጥ መሬት ስንት እንደሚያወጣ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህን ሁሉ ጭቃ ለወፍ መተው ቀልድ ይመስላል።

ቀልድ ግን አይደለም። ቦታው ከ1985 ጀምሮ የተከለለ ነው፤ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። በ2007 ደግሞ በራምሳር ስምምነት መዝገብ ላይ ሰፈረ። ራምሳር የኢራን ከተማ ናት። በ1971 አገሮች እዚያ ተሰብስበው ረግረግ መሬት እንዲጠበቅ ተፈራረሙ፤ ውሉም በከተማዋ ስም ቀረ። ከኤምሬቶች መጀመሪያ ወደዚያ መዝገብ የገባው ይሄ ጭቃ ነው።

የተከለለ ቦታ ነው ስላችሁ ታዲያ፣ ፔርሙዝ ይዞ ሣር ላይ ተጋድሞ የሚዋልበት እንዳይመስላችሁ። ውስጡ አይገባም። የሚገባው ዳር ላይ ወደተሠሩት የመመልከቻ ቤቶች ነው። ከእንጨት የተሠሩ ናቸው። ከመኪና ማቆሚያው ተነስታችሁ በተከለለች መንገድ ትሄዳላችሁ። ወፎቹ እንዳያዩዋችሁ ነው መከለሉ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ፊት ለፊት ረጅም ክፍት መስኮት አለ፤ ቴሌስኮፕ ተተክሏል፤ ጥበቃው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በቃ ይኸው ነው። እኔ በሄድኩባቸው ጊዜያት መግቢያው በነፃ ነበር። ዱባይ ውስጥ ይህን ቃል ስሰማ መጀመሪያ አላመንኩም።

የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፣ በሌሊት ፈረቃ። የሌሊት ፈረቃ ሰው ቀኑ እንግዳ ነገር ነው። ሌላው ሥራ ላይ ሲሆን እናንተ ነፃ ናችሁ። ሞል ብትገቡ ገንዘብ ነው፤ ቤት ብትቀመጡ ስልክ ነው። ጓደኛዬ ቲክቶክ ላይ ሮዝ ወፍ አይታ «እንሂድና ፎቶ እንነሳ» ባትለኝ ኖሮ ቦታው መኖሩንም አላውቅም ነበር። ሄድን። እሷ ፎቶዋን ተነሳች። እኔ ተመልሼ ሄድኩ።

ስለ ፍላሚንጎው፣ ስለዚያ ባለ ረጅም እግር ሮዝ ወፍ፣ ላውራና ልገላገል፤ አለበለዚያ «ዋናውን ትተሽ» ትሉኛላችሁ።

ቆንጆ ናቸው። ይህን የሚክድ የለም። በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በመቶዎች ሆነው ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅሙ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ፊት ለፊታችሁ ሲሆን ሮዝነቱ ፈዘዝ ያለ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ግን ከስር ደማቅ ቀይና ጥቁር ይወጣል። ያን ጊዜ መመልከቻ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ላይ «ዋው!» ይላል። ፊሊፒናዊውም፣ ህንዳዊውም፣ ሩሲያዊውም፣ እኛም።

የሚበላበት መንገድ ግን ከመልኩ በላይ ያስገርማል። አንገቱን አውርዶ ጭንቅላቱን ይገለብጣል። የላይኛው መንቁር ታች ይሆናል። ምላሱ ውሃውን ይስባል፣ ይተፋል፤ ይስባል፣ ይተፋል። መንቁሩ ዳርና ዳር ላይ ጥቃቅን ጥርስ መሰል ነገር ተደርድሯል፤ ልክ እንደ ወንፊት ውሃውን አሳልፎ ምግቡን ያስቀራል። እግሩም ሥራ አይፈታም። አንድ ቦታ ላይ እየረገጠ ይዞራል። ጭቃው ይበጠበጣል፣ ከውስጡ የሚወጣው ይለቀማል። ሮዝ የሚያደርጋቸውም ይኸው የሚበሉት ነገር ነው፤ ትንንሽ የጨው ውሃ ሽሪምፖችና አልጌ ውስጥ ያለው ቀለም። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግራጫ ናቸው። ግራጫውን ልጅ ከሮዞቹ መሀል ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው።

በአንድ እግር መቆማቸውስ? በ2017 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳይተዋል። የሞተ ፍላሚንጎ እንኳን በአንድ እግሩ ተደግፎ ሳይወድቅ መቆም ይችላል። በሁለት እግር ግን አይቆምም። አጥንቱና መገጣጠሚያው ራሱ ይቆለፋል ማለት ነው፤ ጡንቻ ብዙ አይደክምም። ስለዚህ «ምስኪን፣ ደክሞት» የሚለውን ተዉት። እያረፈ ነው።

ታዲያ ምን ጎደላቸው? ምንም። ችግሩ እነሱ ጋ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ ምግብ ይጨምርላቸዋል። ካሜራ ለምደዋል። ገና ስትገቡ ይታያሉ፣ ስትወጡም እዚያው ናቸው። ሰው ገብቶ ፎቶ አንስቶ በአምስት ደቂቃ ይወጣል። ኤምሬቶች ውስጥ እንቁላል ጥለው ጫጩት ያሳደጉበት ስመ ጥር ቦታ እንኳን ይሄ አይደለም። አቡ ዳቢ አቅራቢያ ያለው አል ወትባ ነው። በ1998 እዚያ ተራቡና፣ በዚያው ዓመት ቦታው በሼኽ ዛይድ ትእዛዝ ተከለለ። ዱባይ ላይ እነሱ እንግዳ ናቸው፤ የቤቱ ሰዎች ሌሎች ናቸው።

ሌሎቹን ለማየት ጭቃውን ማየት ያስፈልጋል። ጭቃውን ለማየት ደግሞ ሰዓት መምረጥ።

ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ይህን ለቆቦ ልጅ ማን ነገራት? ማንም። እዚህ መጥቼ ነው ያየሁት። ውሃው ሲሞላ ወፎቹ ደረቅ ቦታ ፈልገው ተጠጋግተው ይቆማሉ፣ አንገታቸውን ጀርባቸው ውስጥ ቀብረው ይተኛሉ። ያን ጊዜ የሄደ ሰው ድንጋይ የተደረደረ መስሎት ይመለሳል። ውሃው ሲሸሽ ግን ሌላ ነው። ጭቃው እያበራ ይወጣል። ወዲያው ያ ሁሉ ድንጋይ ክንፍ አውጥቶ ይበተናል። ስለዚህ ከቤት ሳልወጣ ስልኬ ላይ ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት አያለሁ። ጓደኛዬ በዚህ ትስቃለች፤ «የሆቴል ልጅ አይደለሽም፣ ዓሣ አጥማጅ ነሽ» ትለኛለች።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ነው። ቡናማ፣ ትንሽ፣ የሚሮጥ። ጥበቃው ባይረዳኝ እዚያው ላይ ተስፋ እቆርጥ ነበር። ብዙ ዓመት እዚያ የሠራ ሰው ነው፤ አገሩ ኔፓል ነው። የወፍ ትምህርት አልተማረም። ሲያይ ሲያይ የለመደ ነው። «ቀለሙን ተዪው» አለኝ። «ቀለም ይዋሻል። ሲበላ እዪው።»

ሲበሉ አየኋቸው። እውነትም ይለያያሉ።

አንዱ ሮጥ ይልና ቀጥ ይላል። ያያል። ጠቅ ያደርጋል። እንደገና ሮጥ፣ ቀጥ፣ ጠቅ። መንቁሩ አጭር ነው፣ ዓይኑ ትልቅ ነው። በዓይኑ ነው የሚያድነው። ኬንቲሽ ፕሎቨር ይሉታል። ሌላው ቀና አይልም። ጭቃውን በመንቁሩ ይወጋጋል፣ ወደፊት ይሄዳል፣ ይወጋጋል። የመንቁሩ ጫፍ ይሰማዋል፤ ጭቃ ውስጥ ያለውን ትል ሳያየው ያገኘዋል። ይሄ የሳንድፓይፐር ወገን ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ሊያያዙ ትንሽ እስኪቀራቸው ተጠጋግተው ይበላሉ፣ ግን አንዱ የሌላውን ማዕድ አይነካም። ፕሎቨሩ ላይ ላዩን፣ ሳንድፓይፐሩ ትንሽ ወረድ ብሎ። ከሁሉም ጠለቅ ብሎ የሚገባው ከርሉ ነው። መንቁሩ ረጅም ነው፣ ወደ ታች የታጠፈ።

ከርሉን አንድ ከሰዓት በኋላ ልክ ከመመልከቻ ቤቱ ፊት ለፊት አገኘሁት። መንቁሩን እስከ ፊቱ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ከተተ። አሽከረከረው። ሲያወጣው ጫፉ ላይ ሸርጣን አለ። ሸርጣኑ አንድ ጥፍሩን የወፉ መንቁር ላይ ጨምድዷል። ወፉ አናወጠው። አንድ እግር በረረ። እንደገና አናወጠው። ሌላ እግር። መሬት ላይ ጣለው፣ ገለበጠው፣ አነሳው፣ አናወጠው። እግሮቹ ሁሉ እስኪያልቁ አልቸኮለም። ከዚያ የቀረውን ክብ ነገር አንገቱን ቀና አድርጎ ዋጠው። ጉሮሮው ላይ እብጠቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ይታያል። ከኋላዬ አንዲት ትንሽ ልጅ «አባዬ፣ ሮዙ የት አለ?» እያለች በእንግሊዝኛ ታለቅስ ነበር። እኔ ዞር አላልኩም።

ትንሿ ደግሞ ሊትል ስቲንት ናት። ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው። እጅ ላይ ብትቆም የምትሰማም አይመስለኝም። የምትፈለፈለው በሰሜኑ ጫፍ፣ ዛፍ በማይበቅልበት የሳይቤሪያና የስካንዲኔቪያ ዳር ነው። እዚያ ያለው በጋ አጭር ነው። ልጅ አሳድጋ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ወደ ደቡብ ትነሳለች። ገልፍ ላይ ታርፋለች፣ ትበላለች፣ ትሰባለች። አንዷ እዚሁ ትከርማለች፣ ሌላዋ ትቀጥላለች። ወደ አፍሪካ የምትቀጥለው ብዙ ናት። ዝዋይና አብያታ ዳር በኅዳር ብትቆሙ፣ ይህችኑ ዓይነት ወፍ እግራችሁ ስር ስትሮጥ ታገኛላችሁ። እንዲያውም እኔ አገር ቤት እያለሁ ዝዋይ ዳር ቆሜ ዓሣ በልቻለሁ። በእርግጠኝነት ከፊቴ ነበረች። ማን አያት?

እዚህ ጋ ሁሌም የሚመጣ ወሬ አለ። ጓደኛዬ ናት የጀመረችው። «እንደኛው ስደተኛ ናት በያታ!» አለች።

አልወደድኩትም። የሐበሻ ሰው ውጭ አገር ሆኖ ወፍ ሲያይ የመጀመሪያ ነገሩ ይህ ነው። ወፏን ወዲያው እኛን ያደርጋታል። ወፏ ኤጀንሲ የላትም። ፓስፖርቷን ማንም አይቀማትም። ዓመት ቆጥራ ፈቃድ አትጠይቅም። በየዓመቱ አገሯ ትገባለች፣ ያውም ወልዳ ለመሳም። እኛ ነን እንጂ «ዘንድሮስ» እያልን የምንከርመው። ደግሞ በሌላ በኩል የእሷ ችግር የእኛን አይመስልም። እኔ ሥራ ብለቅ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ይህች ወፍ ያረፈችበት ጭቃ በግንብ ተሞልቶ ቢጠብቃት ሌላ የምትሄድበት የላትም። ስንቋን ጨርሳ ነው የምትደርሰው።

ስንቅ ስል ዝም ብዬ አይደለም። እነዚህ ወፎች የሚበሩት በስብ ነው። ከመነሳታቸው በፊት እስኪወፍሩ ይበላሉ፤ መንገድ ላይ ያን ያነዳሉ። ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚሄድ ለማወቅ ባር ቴልድ ጎድዊት የሚባለውን ወፍ ማየት ነው። በ2022 መከታተያ የተገጠመለት አንድ ወጣት ጎድዊት ከአላስካ ተነስቶ አውስትራሊያ ደቡብ ያለችው ታዝማኒያ ደረሰ። 13,560 ኪሎ ሜትር። አስራ አንድ ቀን። አንዴም ሳያርፍ፣ ሳይበላ፣ ውሃ ሳይጠጣ። ራስ አል ኾር የሚመጡት የዚሁ ወፍ ዘመዶች ከሳይቤሪያ በኩል ናቸው። መንገዳቸው አጠር ይላል እንጂ ስሌቱ ያው ነው። መነሻው ላይ ጭቃ፣ መድረሻው ላይ ጭቃ። አንዱ ከሌለ የሌላው መኖር አይጠቅምም።

ይህ ደግሞ በወሬ የሚቀር አይደለም። ቻይናና ኮሪያ መሀል ባለው ቢጫ ባሕር ዳርቻ ጭቃው እየተገደበ ፋብሪካና ወደብ ሲሆን፣ በዚያ መንገድ የሚያልፉት ወፎች ቁጥር አሽቆለቆለ። የሚፈለፈሉበት ሰሜን አልተነካም፣ የሚከርሙበት ደቡብም አለ። መሀል ላይ ያለው ማረፊያ ነው የተበላሸው።

እንደዚህ ሳስብ ዱባይን ማድነቅም ማማትም ይከብደኛል። ይህች ከተማ ባሕር ሞልታ ደሴት የሠራች ናት። የባሕር ክንዱንም ገና በ1960ዎቹ መባቻ መርከብ እንዲያስገባ ቆፍራዋለች። በ2016 ደግሞ ከላይ በኩል ቦይ ቆፍራ፣ ከተማውን አዙራ ከባሕር ጋር አገናኝታዋለች። ውሃ ሲያዩ መቆፈር ልማዳቸው ነው። ይህን ጭቃ ግን አልነኩትም። እንዲያውም በ1990ዎቹ ማንግሮቭ ተክለውበታል። ዛፉ ራሱ ጉድ ነው። ጨው ውሃውን ይጠጣና ጨዉን በቅጠሉ ያወጣዋል፤ ቅጠሉን ጠጋ ብሎ ላየው ነጭ ቅንጣት ይታያል። ጭቃው አየር የለውምና፣ ከሥሩ ወደ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቀጭን ጣት ያወጣል፣ በዚያ ይተነፍሳል። ሥሩ መሀል ዓሣ ያድጋል፣ ሸርጣን ይደበቃል። ላዩ ላይ ሽመላ መሰሎቹ ረጃጅም ወፎች ያርፋሉ። ፍላሚንጎ ሊያይ የመጣ ሰው «ያ ቁጥቋጦ እይታ ጋረደን» ሲል ሰምቼ አውቃለሁ።

ከአገር ቤት ስነጻጽር ደግሞ ሆዴን ይበላኛል። አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የተከለለው በዋናነት ለውሃ ወፎች ነው። ሻላ ጥልቅ ነው፣ ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ደሴቶቹ ላይ ፔሊካኖች ይራባሉ። ግን ሻላ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለውም። ስለዚህ ጎረቤቱ አብያታ እየበረሩ ሄደው ዓሣ ይበሉ ነበር። አንዱ ሀይቅ መኝታ ቤት፣ ሌላው ማድ ቤት። አብያታን የሚመግበው ወንዝ ከላይ ለመስኖ ተቀዳ፣ ከሀይቁም ውሃ ሶዳ አሽ ለሚባለው፣ መስታወት ለሚሠራበት ጨው ተወሰደ። ሀይቁ ሸሸ። ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ ምግብ ፍለጋ ሌላ ሀይቅ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ፍላሚንጎ ዛሬም አለ፤ እሱ ጨዋማ ውሃ አይፈራም። ትንሹ ፍላሚንጎ የሚባለው፣ መንቁሩ ጠቆር ያለው፣ እዚያው አጠገብ ጨቱ ሀይቅ ላይ አረንጓዴውን አልጌ እየበላ ይኖራል። ለፎቶ ፍላሚንጎ ስላለ ግን ሀይቁ ደህና ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ነው «ሮዙን ተዉት» እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ። ከአንድ ቦታ ላይ መጨረሻ የሚጠፋው በጣም የሚታየው ነው። በፊት የሚጠፉት ማንም የማያያቸው ናቸው።

እናቴ አንድ ቀን እዚያው ሆኜ ደወለች።

«የት ነሽ?»

«ወፍ እያየሁ ነው እማዬ።»

«ምን?»

«ወፍ።»

«ታክሲ ከፍለሽ?»

«አዎ።»

ዝም አለች። ከዚያ አጠገቧ ላለችው ጎረቤት «እኛ እዚህ የሚያባርርልን አጥተናል፣ እሷ ከፍላ ታያለች» ስትል ሰማኋት። ሁለቱም ሲስቁ ስልኩ ተዘጋ።

እውነቷን ነው። እኔ ያደግኩበት ቦታ ወፍ ማለት ጠላት ነው። ማሽላ ሲያፈራ ማማ ይሠራል። ልጅ ከጨለማ ተነስቶ ማማው ላይ ይወጣል፣ ወንጭፍና ጭቃ ይዞ። ግሪሳ ሲመጣ እንደ ሌላ ወፍ አይመጣም። ሰማዩ ይጠቁራል። አንድ ማሳ ላይ አርፎ ሲነሳ ያ ማሳ አገዳ ብቻ ነው። ባሰ ጊዜ መንግሥት በአውሮፕላን መድኃኒት ያስረጫል። ስለዚህ እኛ ወፍ አይተን አናውቅም ማለት ስህተት ነው። ከማንም በላይ ነው ያየነው። ከንጋት እስከ ምሽት ዓይናችንን ሰማይ ላይ ተክለን ነበር የምንውለው። ግሪሳው ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያርፍ፣ የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚያድር እናውቅ ነበር። የአውሮፓ ጡረተኞች በሺህ ዩሮ ባይናኩላር የሚሠሩትን እኛ በባዶ እጅ ሠርተነዋል። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ድንጋይ መወርወራችን ነው።

ከዚያ የቀረኝ ነገር ቢኖር ዓይን ነው። መመልከቻ ቤቱ ውስጥ ከጥበቃው ቀድሜ ጭልፊት አያለሁ። ጭልፊቱን ራሱን አይደለም መጀመሪያ የማየው። ትንንሾቹ ወፎች ባንዴ ቀጥ ሲሉ ነው። መብላት ያቆማሉ፤ አንዳንዱ አንድ ዓይኑን ወደ ሰማይ አጋድሎ ያያል። ከዚያ ሁሉም ይነሳና አየር ላይ እንደ አንድ ነገር ይታጠፋል፤ ነጭ፣ ቡናማ፣ ነጭ። ያን ጊዜ ቀና ብላችሁ ፈልጉ። አንዳንዴ ማርሽ ሃሪየር ነው፣ ክንፉን ቪ አድርጎ ዝቅ ብሎ የሚንሳፈፈው። በብርዱ ወራት ዕድለኛ ከሆናችሁ ግሬተር ስፖትድ ኢግል የሚባለው ጠቆር ያለ ንስር ነው። በዓለም ላይ ቁጥሩ የተመናመነ ነው። ከሩሲያ በኩል መጥቶ እዚህ አውራ ጎዳና ዳር ይከርማል። ኦስፕሬይም አለ፣ ዓሣ በሊታው። ግንድ ላይ ተቀምጦ ዓሣውን ሲገነጣጥል ሰዓታት ይወስዳል፤ የሚያስቸኩለው የለም።

ቁራውን ደግሞ ላለማለፍ ያህል፣ ዱባይ ላይ የምታዩት አንገቱ ግራጫ የሆነው ቁራ የህንድ ነው። በመርከብ እየተሳፈረ በቀይ ባሕርም በገልፍም ወደቦች ተሰራጭቷል። የሌላውን ወፍ እንቁላል ይበላል፣ የሰውንም ሳንድዊች ይቀማል። ጥበቃው ይጠላዋል። እኔ ግን ብልጠቱን እወድለታለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ በሐምሌ አትሞክሩት። 45 ዲግሪ ውስጥ ጥላም ጥላ አይደለም። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከየት እንደምታበራ አይታችሁ የመመልከቻ ቤቱን ምረጡ፤ ፊት ለፊት ካበራችባችሁ ወፉ ሁሉ ጥላ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ፣ ሰዓቱ ይቀያየራል። ውሃ ያዙ። ቀለሙ የሚጮህ ልብስ አትልበሱ። ባይናኩላር ለመግዛት አትቸኩሉ፣ ቴሌስኮፑ እዚያው አለ። ሲመለሱ ታክሲ ማግኘት ፈተና ነው፤ በስልክ ቀድሞ መጥራት ይሻላል። ከዚያ ዴራ የሚባለው የዱባይ ሰፈር ሄዶ ሽሮ መብላት የእኛ ደንብ ሆኗል።

ጓደኛዬ አሁን ፎቶ መነሳቱን ትታለች። ወይም ቀንሳለች ልበል። ባለፈው አብረን ሄደን አንድ ነገር አየች። ብቻውን ነበር፣ ውሃው ጠርዝ ላይ። እግሩ አጭርና ብርቱካንማ፣ መንቁሩ ረዘም ብሎ ጫፉ ወደ ላይ የተቃና። ሸርጣን እያባረረ እንደ እብድ ይሮጥ ነበር። እሷ «ቴሬክ ሳንድፓይፐር ነው፣ መንቁሩ ወደ ላይ ነው» አለች። እኔ ፀሐዩ ነው ያታለለሽ አልኳት፤ እግሩም ብርቱካንማ አልመሰለኝም። ጥበቃውን ጠየቅነው፣ ቴሌስኮፑን ሲያስተካክል ወፉ በረረ። ታክሲ ውስጥ ተከራከርን። ሽሮው ላይ ተከራከርን። እሷ በስልኳ አንስታዋለች። አሳየችኝ። አጎላችው። ከጭቃው መሀል አንዲት ግራጫ ነጥብ።

«ይኸው!» አለች። «መንቁሩን አታዪም?»